ለአንዲት አምፖል የተቋቋመው ግብረ ኃይል

ምክር ቤትን መውቀስ ይቀላል። የመንገድ መብራት ሲጠፋ፣ ቆሻሻ ሲከመር፣ የቱቦ ክዳን ሲሰረቅ ሁሉም ምላሱን ይስላል። እኔ ግን ዛሬ ለምስጋና ነው የተነሳሁት። ያን ሁሉ ስብሰባ ተሰብስቦ፣ ያን ሁሉ ዕቅድ አቅዶ፣ ያን ሁሉ ፎቶ ተነስቶ የሰፈሩን ጨለማ ሳይነኩ ዓመቱን መጨረስ ቀላል መስሏችሁ ነው? ጥበብ ነው እንጂ።

አንድ የመንገድ መብራት ጠፋ እንበል። ተራ ሰው ቢሆን መሰላል ያቆምና አምፖሉን ቀይሮ ይወርዳል። አለቀ። ማንም አያስታውሰውም፣ ሪፖርትም አይጻፍበትም። ምክር ቤት እንዲህ ያለ ጥድፊያ አይወድም። መጀመሪያ ጥቆማ ይቀበላል። ለጥቆማው ቁጥር ይሰጣል። በቁጥሩ አትቀልዱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጨለማው ዝም ብሎ ጨለማ አይደለም፤ መዝገብ የገባ፣ ዕውቅና ያለው ጨለማ ነው። ቀጥሎ «የማን ኃላፊነት ነው?» የሚለው ይጣራል። ምሰሶው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ነው። አምፖሉ የመንገድ ክፍሉ ነው። አምፖሉን የጋረደው ቅርንጫፍ የአረንጓዴ ልማት ነው። ከሥሩ ያለው ጨለማ ደግሞ የፖሊስ ነው። አያችሁ? አንዲት አምፖል አራት መሥሪያ ቤት አስተዋወቀች። እሷ ሳትጠፋ በፊት ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። አሁን የጋራ ግብረ ኃይል አላቸው፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ አላቸው፣ «በቅንጅት እየሠራን ነው» የሚል መግለጫም አላቸው። አምፖሏ በማግስቱ ብትቀየር ኖሮ ይህ ሁሉ ፍቅር ከየት ይመጣ ነበር?

እስከዚያው ነዋሪው አልተረሳም። የጥንቃቄ በራሪ ወረቀት ይታደለዋል። «ሲመሽ ጨለማ በሆነ መንገድ ብቻዎን አይሂዱ» ይላል። ምክሩ ወርቅ ነው። የትኛው መንገድ ጨለማ እንደሆነ ደግሞ ከምክር ቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በቁጥር መዝግቦ ይዞታል።

አንዳንድ ቦታ ችኩሎች አሉ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተማው በሚያስተዳድራቸው የመኖሪያ ሰፈሮች ላይ ሙከራ ተደረገ። ሰፈሮቹ በዕጣ ተመረጡና ኃይለኛ መብራት ተተከለላቸው። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን ሲያሰሉት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸሙት ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ገደማ ቀንሰው አገኙ። እስቲ አስቡት፤ መብራት ስለበራ ብቻ! የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ የለ፣ ባነር የለ፣ የምሳ አበል የለ። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ፊላደልፊያ ደግሞ ባሰች። ባዶ የቀሩ ቦታዎችን ቆሻሻ አነሱ፣ ሣር ዘሩ፣ አጠር ያለ የእንጨት አጥር አጠሩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ በድሃ ሰፈሮቹ የጦር መሣሪያ ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። በሣር! ወንጀል በሣር ከቀነሰ የጸጥታ ጉዳይ ኮሚቴው ምን ሊሠራ ነው?

የኛዎቹ ምክር ቤቶች ክብራቸውን ያውቃሉ። ሣርና አምፖል ውስጥ አይገቡም። ካሜራ ይወዳሉ። ካሜራ ያምራል፤ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይቻላል። አምፖል ቀይሮ ሪባን የቆረጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የ40 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሥራ አለ። ካሜራ ወንጀልን በ13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይላል። ደህና ነው። ግን ጎልቶ የሠራው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ድብደባና መሰል ጥቃት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየበትም። ስለዚህ ካሜራው የተተከለበት ሰፈር ነዋሪ ቢደበደብም መኪናው ሰላም ያድራል። መኪና የሌለው ሰው እንግዲህ ይግዛ። (በነገራችን ላይ፣ ካሜራው ሌሊት እንዲያይ መብራት ያስፈልገዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ክፉ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ለግብረ ኃይሉ ተመርቷል።)

ከሁሉም በላይ ግን የማደንቀው የነዋሪዎች ውይይትን ነው። አዳራሹ ይሞላል። ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ የመክፈቻው ማብራሪያ፣ ከዚያ ያለፈው ዓመት አፈጻጸም ይቀርባል። ነዋሪው ሊናገር ሲነሳ ሰዓት ያልቃል። «ጥያቄዎቻችሁን በጽሑፍ አስገቡልን፤ ሁሉንም በትኩረት እናያቸዋለን።» አንዲት እናት ግን እንደምንም ማይኩን ይቀበላሉ። ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ስልኩን እንደተነጠቀ፣ መንገዱ ከጨለመ እንደቆየ ይናገራሉ። መድረኩ ከልቡ ያዳምጣል። ራስ ይነቀነቃል፣ ይጻፋል። «እናታችን ያነሱት ሐሳብ ለዕቅዳችን ግብዓት ነው» ይባላሉ። ይጨበጨባል። እናት ያመጡት አቤቱታ ነበር፤ ሲወጡ ግን ግብዓት ሆኖላቸዋል። እንዲህ ያለ ዕድገት በአንድ ከሰዓት በኋላ የት ይገኛል?

አሜሪካዊቷ የፖሊሲ ተንታኝ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የነዋሪዎችን ተሳትፎ 8 እርከን ባለው መሰላል ከፋፍላ አስቀምጣ ነበር። የታችኞቹ ሁለት ተሳትፎ የሚባሉ አይደሉም፤ ሰውን መጠምዘዝና እንደ በሽተኛ ማስታመም ናቸው። መሐል ላይ ማሳወቅ፣ ማማከርና ማለዘብ አሉ፤ እነዚህን ለይስሙላ ናቸው አለቻቸው። ውሳኔው ወደ ነዋሪው የሚሻገረው ከዚያ በላይ ነው። ጨካኝ ሴት ናት። ምክር ቤት እኮ በአንድ ስብሰባ ከመጠምዘዝ ተነስቶ ማስታመምን አልፎ እስከ ማማከር ይወጣል፤ ሻይ ዕረፍት ላይ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ያህል መሰላል እየወጣና እየወረደ አምፖሏ ጋ አለመድረሱ ብቻ ነው የሚገርመኝ።

ስለ ስልክ መስመሩም ልመስክር። የአሜሪካዋ ከተማ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1996 አስቸኳይ ያልሆነ ጉዳይ የሚነገርበት 311 የሚባል ቁጥር ጀመረች፤ የአደጋ ጊዜ መስመሩ በተራ ጉዳይ እንዳይጨናነቅ ብላ ነው። ሐሳቡ ብዙ ከተሞች ዘንድ ተዛመተ። ምክር ቤታችንም ቁጥር አለው። በየምሰሶው ተለጥፏል፣ በመኪናው ላይ ተጽፏል። ይጠራል። ሙዚቃውም ደስ ይላል። «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» የምትለው ልጅ ድምፅዋ እንዴት ያለ ነው! ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነ ጥሪ ተነስቶ እንዳይበላሽ እዚያው መስመር ላይ ያቆዩታል።

ደግሞም ውጤቱ ታይቷል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ቀረበ፦ «ከነዋሪዎች የሚመጣ ጥቆማ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። ይህም የአካባቢያችን ሰላምና አገልግሎት መሻሻሉን ያሳያል።» ሰው መደወል ሰልችቶት ትቶ ይሆናል ብሎ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ቅናት ነው። ለቀጣዩ ዓመት ጥቆማን ወደ ዜሮ ለማውረድ ዕቅድ ተይዟል። እኔ እንደሚሳካላቸው አልጠራጠርም፤ ከወዲሁ ስልኩን ማንሳት አቁመዋል።