ጳጉሜ ለአጎቴ ደረሰችው

ድሬ ውስጥ ግድግዳው ላይ ካላንደር የሌለበት ቤት ካለ አሳዩኝ። ባንክ የሰጠው አለ፣ ኢንሹራንስ የሰጠው አለ፣ እኛ ቤትማ አንድ ሚስማር ላይ አራት ካላንደር ተደራርቦ ነው የኖረው፣ ከሁሉም ስር ያለው የስንት ዓመተ ምህረት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ግን ፎቶው ያምራል ተብሎ አይነሳም። የተነሳውም ቢሆን አይጣልም፣ ደብተር ይሸፈንበታል። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ የሒሳብ ደብተሬ የለበሰው ግድብ ነበር፣ የአማርኛው ደግሞ ፈገግ ያለች የባንክ ገንዘብ ተቀባይ፣ አማርኛ የምወደው ለምን እንደሆነ ያኔ ማንም አልጠየቀኝም።

እና በ2014 ነሐሴ መግቢያ ላይ ካናዳ ያለችው የትልቋ አክስቴ ልጅ በቴሌግራም ሊንክ ላከችልኝ። የራስህን ፎቶ እየጫንክ ካላንደር የምታሠራበት ድረ ገጽ ነው። "ዲዛይኑን አንተ ሥራው፣ እኔ በካርዴ እከፍላለሁ፣ ለመላው ቤተሰብ የ2015 ካላንደር ይሁን፣ ሰርፕራይዝ!" አለች። እኛ ቤተሰብ ውስጥ ሰርፕራይዝ ማለት ከሳቢያን ተነስቶ መጋላ እስኪደርስ ነው ዕድሜው፣ ባጃጅ ከያዘማ ከዚያም ያንሳል።

ገጹን ስከፍተው መጀመሪያ የተቀበለኝ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነው። 50% ቅናሽ፣ ሊያበቃ 3 ሰዓት ቀርቶታል ይላል። ደንግጬ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ፣ ድሬ ከምሳ በኋላ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ስር በሚወድቅበት ሰዓት እኔ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ፎቶ እጭናለሁ። በማግስቱ ስከፍተው ቅናሹ አሁንም ሊያበቃ 3 ሰዓት ቀርቶታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊያልቅ ነው ሊያልቅ ነው ሲል ከረመ። እዚሁ ድሬ ያለው የታይዋን ገበያ ነጋዴም እኮ "ላንተ ስል ነው፣ ያተረፍኩት ነገር የለም" ይላል፣ ግን እሱ ቢያንስ ሲዋሽ ዓይንህን እያየ ነው።

ከዛ የወሩ ጣጣ መጣ። ድረ ገጹ ዓመት የሚያውቀው ከጃንዋሪ ነው፣ ከፈለግክ ከሴፕቴምበር ጀምር ይልሃል፣ መስከረም የሚባል ነገር ግን አያውቅም። ቀኖቹ ውስጥ ጽሑፍ መጨመር ይቻላል ሲለኝ ደስ ብሎኝ "እንቁጣጣሽ" ብዬ ጻፍኩ፣ ስድስት ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። "መስቀል" ብዬ ጻፍኩ፣ አራት ሳጥን። ፊደላችንን አያውቀውም በቃ፣ በዓሎቻችን ሁሉ ጡብ ሆነው ቁጭ አሉ። ይሄን ሙከራ ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ ለቤተሰቡ ግሩፕ ላክኩት፣ ድረ ገጹ ለካ የካናዳን በዓላት በራሱ ጊዜ ሞልቶ ኖሯል፣ ትልቋ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሜይ 22 ላይ "ቪክቶሪያ ደይ" የሚለውን አገኘችና ደወለች።

"ቪክቶሪያ ማናት?"

"የእንግሊዝ ንግሥት የነበረች ናት፣ ካናዳ ውስጥ ትከበራለች።"

"እኛ ካላንደር ላይ ምን አመጣት? እሷ ቀን ሲሰጣት የኔ ልደት የታለ?"

ልደቷን የሚያውቅ ሰው የለም እኮ፣ እሷም አታውቀውም፣ ዝናብ የዘነበ ቀን ነው የተወለድኩት ነው የምትለው፣ ድሬ ላይ ዝናብ ብርቅ ስለሆነ ይሄም እንደ ማስረጃ ይያዝላታል።

ከዚራ ኮምፒውተር ቤት ያለ አንድ ልጅ ነው የገላገለኝ። የእያንዳንዱን ወር ሰንጠረዥ በአማርኛ ሠርቶ እንደ ፎቶ አደረገልኝና የነሱን ፍርግርግ በሱ ሸፈንኩት፣ ድረ ገጹ ፎቶ የጫንኩ እየመሰለው መስከረምን አስገባሁበት፣ ኮንትሮባንድ በሉት። ግን የሚሰጠው ገጽ 12 ነው። የኛ ወር 13። በ13 ወር ጸጋ ቱሪስት ስንጠራ የኖርን ሰዎች አንዱን ጸጋ የት እናድርገው? ብቸኛው ባዶ ቦታ የጀርባው ሽፋን ነበር። ጳጉሜን እዛ አደረግኳት፣ ነገር የመጣውም ከዛ ነው፣ እመለስበታለሁ።

በፎቶ በኩል ያየሁትን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም። ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ እንዲታተም በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል፣ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶ ስትልክበት በዝምታ ጨምቆ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርድብሃል። ስልክ ላይ ታምራለች፣ እዛ ስትጭናት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ከነቃለ አጋኖው ብልጭ ይላል፣ ይሄ ፎቶ አይሆንም ማለቱ ነው። ትንሿ አክስቴ ቁልቢ የተነሳችውን ላከች፣ ቢጫ። እናቴ ሰርግ ላይ የተነሳችውን ላከች፣ ቢጫ። አንዷ የአጎቴ ልጅ የላከችው በፊልተር ከመንጣቱ የተነሳ አፍንጫዋ ጠፍቷል፣ እሱ ግን ቢጫ አላወጣም፣ ድረ ገጹ ፒክስል እንጂ አፍንጫ አይቆጥርም።

አጎቴን ደውዬ "በፎቶ አይደለም፣ በፋይል አድርገህ ላክልኝ" አልኩት (እኛ ድሬ አጎትንም አንተ ነው የምንለው፣ የአዲስ አበባ ሰው ሲሰማ ይሳቀቃል)። አጎቴ የመንግሥት ጡረተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ አንድ የካርቶን ፋይል መጣልኝ፣ ውስጡ ጉርድ ፎቶ፣ ጉርዱ ጀርባ ላይ ስሙ፣ ቀኑና ፊርማው። ስቄ ስቄ ስካን ሳስደርገው ከሁሉም ጥርት ብሎ የወጣው የሱ ነው፣ ምንም ቢጫ የለ። ሁላችንም ስማርት ስልክ ይዘን ያቃተንን በካርቶን ፋይል ሠራው።

ለፊት ሽፋኑ ክርክር አልነበረም፣ አያታችን ነው። የሸመንደፈር ሠራተኛ ነበር፣ ከነኮፍያው ለገሀር በር ላይ ቆሞ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ባቡሩ በ1895 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬም የለችም እኛም የለንም፣ ቤተሰቡ ይሄን ሲናገር ሐዲዱን አያቴ ብቻውን የዘረጋው ይመስላል። የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ስለነበር ሽማግሌው ወር የሚቆጥረው ጃንቪዬ፣ ፌቭሪዬ እያለ ነው አሉ፣ አያቴ ደግሞ በሚካኤልና በገብርኤል ትቆጥራለች፣ እንዴት በአንድ ቀን ቀጠሮ ተገናኝተው እንደተጋቡ እስካሁን አልገባኝም።

ዋናው ፀብ የወር ድልድሉ ነው። እኔ ጅሉ የመሰለኝ ፎቶ እየደረደርኩ ነው፣ ለካ ሥልጣን እያካፈልኩ ነው። ትልቋ አክስቴ "ልጄ ናት የምትከፍለው" አለችና መስከረምን ወሰደች፣ ማን ይከራከራል። ትንሿ ስለቷ በቁልቢ ስለሠመረ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ነውና ታኅሣሥን ያዘች፣ ሐምሌም 19 አለው ብላት "እሱንም ጨምርልኝ" አለች እንጂ አልተወችም። ጥርን እኔና ባለቤቴ ወሰድን፣ የሰርጋችን ወር ነው፣ ዲዛይነር ራሱን ቢጠቅም ነውር የለውም። ግንቦት ላይ ዕቃ ማቀዝቀዣ የሚሸጠውን የእህቴን ባል አስገባሁት፣ ሙቀቱን እሱ ይቻለው። ክረምቱን ማንም እሺ አላለኝም፣ የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፎቶው እንዲሰቀል አይፈልግም፣ እዚህ ላይ አልቀለድኩም፣ የትንሿን አክስቴንም ጥያቄ ዝም ብዬ አለፍኩና ለሁለቱ ወራት የከዚራን ዛፎችና ለገሀሩን አስገባሁ።

ሚያዝያ ነው ያስቸገረኝ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 8 ይውላል፣ ኢድ ደግሞ 13 ወይ 14፣ ሁለቱ ሳምንት እንኳን አይራራቁም። እናቴ ወሩን ለዶሮ ወጧ ስትፈልገው ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ካላንደሩን ሰምቶ መጣ፣ ልጆቹ ከኛ ጋር በአንድ ትሪ ፈጢራ እየተሻሙ ያደጉ ስለሆኑ ቤተሰብ አይደለህም ማለት አይቻልም። "ኢዱ መቼ ነው ብዬ ላስቀምጥ ሐጂ? አንዱን ቀን ቁረጥልኝ" አልኩት። "ወላሂ አንተ ልጅ፣ ጨረቃን ማተሚያ ቤት አያዛትም" አለኝ። ሁለቱንም ቀን አረንጓዴ ቀባሁ። ፎቶውም የጋራ ሆነ፣ እናቴና የሐጂ ሚስት አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቀው፣ ሁለቱም የወንበሩ ባለቤት የሚመስሉበት።

አጎቴ ድልድሉ የተካሄደ ቀን በርጫ ላይ አልነበረም። ሲመጣ ሁሉም አልቋል፣ ጳጉሜ ብቻ ቀርታለች። ቀስ ብዬ ነገርኩት።

"አቦ፣ አርባ ዓመት መንግሥት ያገለገልኩ ሰውዬ በ5 ቀን ልታሰናብተኝ ነው?"

"6 ናት እኮ፣ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትገኘው።"

"ጳጉሜ እኮ ደሞዝ የሌለባት ወር ናት! መንግሥት ስንት ዓመት በነፃ ያሠራኝ አንሶ አንተም በነፃ ልትሰቅለኝ?"

"ሩፋኤል አለባት፣ ዝናቡ በረከት ነው" አልኩ። ትንሽ ዝም አለ። ሩፋኤል ሲባል ለሰስ ይላል። "እሺ፣ ግን ፎቶው ትልቅ ይሁን" ብሎ ተቀበለኝ። የጀርባ ሽፋን መሆኑን አልነገርኩትም፣ አልጠየቀማ።

ነሐሴ 20 ላይ ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ 8 ኮፒ አዘዘች፣ የማጓጓዣው ሒሳብ ሲደመር ቅናሹ የት እንደገባ ራሷም አላወቀችም። መስከረም ላይ እጇ ገባ፣ ከዛ ሰው ሲመጣ እየተባለ ተጠበቀ። ሰው ይመጣል፣ ግን ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፣ ስምንት ካላንደር ከሚይዝ አንድ ጫማ ቢይዝ ይመርጣል። አንዱ ቪታሚን ይዞ መጣ፣ ሌላዋ የሕፃን ልብስ። በመጨረሻ ኅዳር አጋማሽ ላይ ደረሰልን።

ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ሁሉም በእጁ እየመዘነ አደነቀ። ከዛ ገለጥነው። ዲዛይን ላይ እዚህ መስመር ጋ ፊት አታስጠጉ የሚል ነጠብጣብ ነበር፣ እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር፣ ለካ መቁረጫው ነው፣ የእህቴ ባል ግንባሩን ግንቦት ላይ ትቶታል። የሚሰቀልበት ቀዳዳ ደግሞ በትክክል አያቴ ኮፍያ ላይ አርፏል፣ ሽማግሌው ጥይት የመታው ይመስላል። አጎቴ ሲገለብጠው ራሱን ከሁሉም ኋላ አገኘው፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ የሚዞርበት ገጽ ላይ፣ አገጩ ስር እንደ ብስኩት ባርኮድ ተለጥፎበት። ብዙ አየኝ። ምንም አላለም፣ አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከቶ ሄደ።

ትልቋ አክስቴ ደግሞ "መስከረም አልፎ የለም እንዴ?" አለች። አልፏል። ታግላ የያዘችው ወር አንድ ቀን ሳይሰቀል አልፏል። ቤቷ ስሄድ ኅዳር ላይ መስከረምን ሰቅላዋለች። ታኅሣሥ ላይም መስከረም ነው። ትንሿ ጋ ስሄድ ገብርኤል ካለፈ ሦስት ወሩ ነው፣ ታኅሣሥ ነው። የእናቴና የሐጂ ቤት ሁለቱም ሚያዝያ ላይ ቆሟል። የእህቴ ባል ግንባር ባይኖረውም ግንቦት ላይ ነው። አጎቴ ጋማ ካላንደሩ ተገልብጦ ነው የተሰቀለው፣ ጀርባው ፊት ሆኗል፣ ባርኮዷ ላይ የማሪያም ሥዕል ስቲከር ተለጥፎባታል፣ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ጳጉሜ ነው። ይኸው 2015 ካለቀ ቆየ፣ ያነሳ የለም። ቀን ማወቅ የፈለገ አጠገቡ የተሰቀለውን የባንኩን ያያል።

ባለፈው ማታ ባለቤቴ "የቤት ኪራይ ስንት ቀን ቀረው?" አለችኝ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፣ እኛም ቤት ጥር ነው። ስልኬን አወጣሁ።