«አያት መሳቂያ አይደለችም» ላሉት አዘጋጅ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን አንዲት ወጣት ሰዓሊ ሥራዋን አሳየችኝ። ባለሦስት ሳጥን ካርቱን ነው። በየሳምንቱ እንዲወጣላት ለአንድ ጋዜጣ ሰጥታው ነበር። አዘጋጁ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውን ጽፈውላታል፤ ወረቀቱን አነበብኩት። «አያት መሳቂያ አይደለችም። ታላላቅን ማክበር ባህላችን ነው። ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው። አንባቢያችንም የሚፈልገው ቁም ነገር ነው» ይላል። አራት ዓረፍተ ነገር። አራቱም አናደዱኝ።

መጀመሪያ ካርቱኑን ልንገራችሁ። ቤቱ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ የለበሰች አያት አለች፣ ከሥራ ደክማ የምትገባ እናት አለች፣ አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አለ። በመጀመሪያው ሳጥን እናትየው «ከእራት በኋላ ስልክ የለም!» ትላለች። በሁለተኛው አያትየው ኮስተር ብላ «እናትህን ስማ» ትለዋለች። ሦስተኛው ላይ መሽቷል። የድሬ ሙቀት ነው፤ አልጋው ግቢ ወጥቷል። አያትና ልጅ አንድ አጎበር ውስጥ ናቸው። የስልኩ ብርሃን ሁለቱም ፊት ላይ ያበራል። አያትየው መነጽሯን አድርጋለች። «ድምፁን ቀንሰው፤ እናትህ ትሰማናለች» ትላለች።

ሳቅኩ። ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እማማ ናት። የእኔዋ አያት፣ እማማ ቁርጥ።

እንግዲህ አዘጋጁ «መሳቂያ» ያሉት ይህንን ነው። እስቲ ማን ላይ ነው የተሳቀው? የተሸወደችው እናትየው ናት። አያትየውማ አሸንፋለች። ቤቱን ማን እንደያዘው በሦስት ሳጥን አሳይታለች። ሰውዬው ካርቱኑን አይተውታል፣ አላነበቡትም።

«ታላላቅን ማክበር ባህላችን ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። የማን ባህል? አለቃ ገብረ ሃና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። የተከበሩ ሰው ነበሩ። አገሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በእሳቸውና በባለቤታቸው በማዘንጊያ ጨዋታ ሲስቅ ኖሯል። የባልና የሚስት ጨዋታ፣ የቤት ጨዋታ ነው። ማን ናቃቸው? ስማቸው እስከ ዛሬ የቆየው በሳቁ ነው። ቋንቋችንስ? አንድን ልጅ ሞልቃቃ ለማለት ስንፈልግ «አያት ያሳደገው» እንላለን። በሁለት ቃል የተጨረሰ ቀልድ ነው። ሳጥን ብቻ ነው የጎደለው።

«የፈረንጅ ነገር» ለሚለው ብዙ ቀለም አላጠፋም። ባለሳጥን ካርቱን ከውጭ መጣ፤ አዎ። ጋዜጣውስ ከየት መጣ? እዚህ ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ይህን ማለት ደግሞ ይገርማል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ለገሃሬ የምንለው ሰፈር ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛ ነው። ማንም ለገሃሬን የፈረንጅ ነው ብሎ አልመለሰውም፤ የእኛ አደረግነው።

ፈረንጆቹ በአያት ምን እንደሠሩ እንይ ከተባለም እንይ። ብራያን ክሬን እ.ኤ.አ. በ1990 «ፒክልስ» የሚባለውን ካርቱን ጀመረ። ኧርልና ኦፓል የሚባሉ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ሲነታረኩ ይውላሉ፤ አይለያዩም። መነሻ ያደረገው የሚስቱን ወላጆች ነው። አማቶቹን ለመናቅ ብሎ ከ30 ዓመት በላይ ብዕር የሚያነሳ ሰው አለ? ቢል ኪን እ.ኤ.አ. በ1960 በጀመረው «ፋሚሊ ሰርከስ» ውስጥ ደግሞ የሞተው አያት ከሰማይ ሆኖ ልጆቹን ሲያይ ይሳላል። ካናዳዊቷ ሊን ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1979 በጀመረችው ካርቱን ገጸ ባሕርያቱ እንደኛው ከዓመት ዓመት ያድጋሉ፣ ያረጃሉ። አያትየው ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸው ተያዘ። ሰዓሊዋ ከገጹ አላስወጣቻቸውም። ቃል ሲጠፋባቸው፣ ቤተሰቡ ሲያስታምማቸው ሳለች። ንቀት የተባለው ይሄ ከሆነ እኔም ስተኛ እንዲህ ያለ ንቀት ይግጠመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የአያት ቀልድ የሚያስቀው አያት ስላረጀች አይደለም። አያት ቀድሞ እናት ስለነበረች ነው።

እናቴ ልጅ ሆና ስኳር ስትሰርቅ እማማ ጭኗን ቆንጥጣታለች። አንድ ማንኪያ ስኳር ነው። እናቴ ያንን ቁንጥጫ አልረሳችውም። እኔ ስወለድ ግን እማማ ሌላ ሰው ሆነች። ከመጋላ ገበያ ስትመለስ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በጋዜጣ ጠቅልላ ትይዝና ትራሷ ሥር ትደብቅልኛለች። ጋዜጣው በዘይት ይርሳል፤ አንሶላው በማር ይጣበቃል። አንድ ቀን እናቴ ያዘችን። «እኔን ለአንድ ማንኪያ ስኳር የቆነጠጥሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለቻት። እማማ ሙሸበኩን ከእጇ ሳትለቅ «ያኔ ልጅ እያሳደግኩ ነበር፤ አሁን እያረፍኩ ነው» አለቻት።

ይህን ማንም ቀልድ ፈጣሪ ቁጭ ብሎ ሊያመጣው አይችልም። ከእናቴ ጥያቄ እስከ እማማ መልስ ያለው ርቀት ሠላሳ ዓመት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በድህነት፣ በጭንቀት፣ ልጅ እንዳይባልግ በመፍራት የኖረች ሴት በመጨረሻ ፍርሃቱ ለቀቃት። እናትየዋ አሁን በተራዋ ፍርሃቱ ውስጥ ናት። ልጁ ምንም አያውቅም፤ ሙሸበኩን ይበላል። ሦስት ትውልድ አንድ አልጋ ላይ! ሦስት ሳጥን የሚበቃው ለዚህ ነው። አንዱ ሳጥን የእናት፣ አንዱ የልጅ፣ የመጨረሻው የአያት። የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው አያት ናት። ሁሌም።

በየሳምንቱ መውጣቱም ለዚህ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የታየ ቀልድ ቀልድ ነው። ሃምሳ ጊዜ የታየች አያት ግን ዘመድ ትሆናለች። አንባቢው ገና ሳጥን አንድ ላይ ምን እንደምትል ያውቃል፤ ግን ስትለው መስማት ይፈልጋል። ወንድ አያቴ አባባም እንዲሁ ነበሩ። ባቡር ጥገና ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቀትር ላይ ድሬ ስትተኛ፣ ሽርጣቸውን አገልድመው ሬዲዮኑን ደረታቸው ላይ አድርገው ያንኮራፋሉ። ቀስ ብዬ ልዘጋው ስሞክር «ተው! እየሰማሁ ነው!» ይላሉ። «ምን አለ ታዲያ?» ስላቸው «ያው ያንኑ!» ይላሉ። ልጅነቴን ሙሉ በየቀኑ ተደገመ። በየቀኑ ሳቅን። እሳቸውም ከእኛ ጋር ይስቁ ነበር። አሁን ሬዲዮኑ እኔ ቤት ነው። የሚያንኮራፋበት የለም።

እውነት ነው፣ የከፋ የአያት ቀልድ አለ። ጆሮ የደከመውን ደንቆሮ እያለ፣ የረሳውን ጃጀ እያለ የሚስቅ አለ። እሱን እኔም አልወደውም። ልጅቷ ካሳየችኝ 20 ካርቱን ውስጥ ግን አንዱም እንደዚያ አይደለም።

«አንባቢ ቁም ነገር ይፈልጋል» ተብሏል። አቦ፣ ቁም ነገሩ ምንድን ነው? ጋዜጦቻችንን ግለጡ። አንድ አረጋዊ ሰው የሚወጣው መቼ ነው? ወይ ሲሞት፣ ከነፎቶው በሐዘን መግለጫ። ወይ ሲያስታርቅ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ በስብሰባ ፎቶ፣ ስሙ እንኳ ሳይጻፍ «የአገር ሽማግሌዎች» ተብሎ። በመሃል የሚኖረው ሰው የለም። ቡና የምትቆላው፣ ከጎረቤት የምትጣላው፣ ለልጅ ልጇ የምትዋሸው ሴት ጋዜጣ ላይ የለችም። ካርቱን ሲባል የምናየው ባለሥልጣን ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ ወንበር ላይ የተጣበቀ። እሱም ይሳል፤ ይገባዋል። ግን ስንቶቻችን ቤት ሚኒስትር አለ? አያት ግን ያልነበረው ማነው?

አከበርናቸው እያልን ያስወጣናቸው እኛ ነን። ሰውን ከፍ ያለ ቦታ ሰቅሎ ከጨዋታ መለየት ክብር አይደለም፤ ብቸኝነት ነው። እማማ ዝም ብለው እጇን የሚስሟት እንግዶች ሲሄዱላት ነበር ነፍሷ የምትመለሰው። «ኑ እስቲ፣ አሁን እንሳቅ» ትለን ነበር።

አዘጋጁን አንድ ነገር እለምናለሁ። ያቺን ባለአጎበር ካርቱን ቤትዎ ይውሰዷት። እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው ባሉበት ያሳይዋቸው። ዓይናቸው ከደከመ ልጆቹ ያንብቡላቸው። እሳቸው «ነውር ነው» ካሉ ሁለተኛ አልጽፍም። ከሳቁ ግን ልጅቷ ስልኳን ከፍታ እየጠበቀች ነው። የምትፈልገው ሦስት ሳጥን ነው። የጨረታ ማስታወቂያው ትንሽ ጠጋ ይበል።