ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ያዘገያል?

«ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁለት ቋንቋ ከሰማ ግራ ይጋባል፤ አንዱን ተዉት» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ይሄ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የተመራማሪዎቹ የሃምብሊና የፎምቦን ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል በሁለት ቋንቋ የሚያድጉትን በአንድ ከሚያድጉት ጋር አነጻጽሮ ተጨማሪ መዘግየት አላገኘም።

ግን አማካይ ውጤት ብዙ ይደብቃል። አንዱ ልጅ ወሬኛ ነው፣ ሌላው ጭራሽ በቃል አይናገርም። አንዱ ሁለተኛውን ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፣ ሌላው ለአያቱ ስልክ ሲደወል ብቻ። ሁሉንም «ባለ ሁለት ቋንቋ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ያሳስታል። ልጁ የሚያውቃቸው ቃላትም ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ ይቆጠሩ፤ በአንዱ ብቻ ከተለካ ልጁ ከእውነቱ በላይ የዘገየ ይመስላል። (ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን ያድናል የሚሉም አሉ። እሱም ውሸት ነው።)