ማይክሮፎኑን አስቀምጡና መጀመሪያ ጠይቁ

የባሕር ዳር ተማሪዎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲያስተባብሯቸው ወደ ጣና ዳርቻ ይወጣሉ። ቲሸርት ይለብሳሉ፣ ባነር ይዘረጋሉ፣ ስለ ወባ፣ ስለ እምቦጭ፣ ስለ ቢልሃርዚያ ያስተምራሉ። እነዚህን ልጆች ከልቤ አደንቃቸዋለሁ። ፈተና ደርሶባቸው እያለ ቅዳሜያቸውን ሰጥተው ፀሐይ ላይ የሚቆሙት ማንም አስገድዷቸው አይደለም። ቅሬታዬ ሥራውን በሚያቅዱት ድርጅቶች ላይ ነው። ልጆቹን እንዲናገሩ ይልኳቸዋል፤ እንዲጠይቁና እንዲያዩ ግን አይልኳቸውም።

ቢልሃርዚያን ልውሰድ። ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች የቅርብ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ያለው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል አብሮ ይወጣል። ጎርፍ ጠርጎ ሐይቅ ውስጥ ይጨምረዋል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳምንታት ቆይቶ፣ ተባዝቶ፣ ተመልሶ ወደ ውኃው ይወጣል። ከዚያ የሚዋኘውን ልጅ፣ ልብስ የምታጥበውን እናት፣ መረብ የሚጎትተውን ዓሣ አጥማጅ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ መንካት ይበቃል። ሕፃናትን ደም ያሳንሳቸዋል፣ ያቀጭጫቸዋል። ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ደግሞ ጉበት ይጎዳል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል።

ይህን ሁሉ ተማሪዎቹ አሳምረው ያስረዳሉ። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፦ «ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ አትግቡ።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከከተማው ብዙም ባልራቀ የሐይቁ ዳርቻ፣ ይህንኑ ሲነገር ቆሜ ሰማሁ። አንዲት እናት እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ጋቢ ያጥባሉ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገዋል። ጋቢውን ድንጋይ ላይ እየመቱ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ልጁ ሲጨርስ ቀና አሉና «የኔ ልጅ፣ የት ልጠበው ታዲያ?» አሉት። «ቧንቧው ስንት ቀን ጠፍቶ እንደሚከርም ታውቃለህ?» ልጁ «እናቴ፣ እሱን እንኳ…» ብሎ ዝም አለ። አስተባባሪዎቹ በሰጡት ወረቀት ላይ ይሄ ጥያቄ የለም። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ተሰብስበው ፎቶ ተነሱ። እሳቸው ወደ ጋቢያቸው ተመለሱ።

ለእኚህ እናት የሚሰጥ መልስ እኮ አለ። ከቀንድ አውጣው የወጣው የትሉ እጭ ሰው ካላገኘ ብዙ አይቆይም። ውኃውን ቀድቶ በጀሪካን ሁለት ቀን ማቆየት ይገድለዋል። በዚያ ውኃ ቤት ማጠብ ይቻላል። ማፍላትም ያው ነው፤ ግን ማገዶው ውድ ነው። ሐይቁ ውስጥ መግባት የግድ ከሆነም፣ እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ ማለዳ ይሻላል። ማለዳም ቢሆን አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ይህን ለመናገር ግን መጀመሪያ ሴትዮዋ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ፣ ስንት ጀሪካን እንዳላቸው፣ መቼ እንደሚያጥቡ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዓሣ አጥማጁስ? እሱን «አትግባ» ማለት «አትብላ» ማለት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው መድኃኒት ነው። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። ዳግም መያዝን ግን አይከላከልም፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ የሚውል ሰው በየጊዜው ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ በዘመቻ ሲታደል ዋናው መንገድ ትምህርት ቤት ነው። ታዲያ ትምህርት ቤት የማይሄደው ከብት ጠባቂ፣ መኪና አጣቢው፣ ታንኳ ቀዛፊው በየት በኩል ያግኘው? እነዚህን ሰዎች በስም የሚያውቃቸው የለም። የሰፈሩን ዳርቻ በየሳምንቱ የሚመላለስ ተማሪ ግን ሊያውቃቸው ይችላል።

መድኃኒቱን የሚፈሩ ወላጆችም አሉ። ልጃቸውን አዙሮት ወይም አስመልሶት ይሆናል። በሚቀጥለው የዕደላ ቀን ከቤት ያስቀሩታል። እነዚህን ወላጆች መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ይበልጥ ይቸገራል። «ቁርስ አብልተሽ ላኪው፣ ቢያዞረው ቶሎ ይለቀዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቡና ላይ ተቀምጦ ሲነገር፣ አደባባይ ላይ በማይክሮፎን ከሚለፈፍ የአንድ ሰዓት ትምህርት የበለጠ ይሠራል።

ዋናው ነገር ደግሞ መጸዳጃ ቤት ነው። የማንም ዓይነ ምድር ሐይቁ ውስጥ ካልገባ ቀንድ አውጣው የሚያስተላልፈው ነገር የለም። ግን በስንቱ ዘመቻ ላይ ነው ዳርቻው ላይ የሚሠሩት ሰዎች ቀኑን ሙሉ የት እንደሚጸዳዱ የተጠየቀው? አፍ ያስይዛል፣ ያሳፍራል፣ ፎቶም አይወጣለትም። ለዚህ ይመስለኛል የሚታለፈው።

ሕዝብን መጀመሪያ አይቶ ከዚያ ማስተማር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ደግሞ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አስተዋሉ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓለም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሽታን የሚያጠናው የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ያን ቀን ሴቶቹን «ወንዝ ውስጥ አትግቡ» ብለው ብቻ ቢያልፉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። የእኛ ተማሪዎችም እንደዚህ የሚያስተውል ዓይን እንዲኖራቸው ዕድሉን እንስጣቸው።

ከድርጅቶቹ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድን ቡድን ዓመቱን ሙሉ ለአንድ ሰፈር ይስጡት። በአንድ ቀን አምስት ቦታ ማዳረስ ይቅር። በጸጥታው ምክንያት ከከተማ መራቅ ባስቸገረበት በዚህ ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም፣ በእግር የሚደረስበት ዳርቻ ብዙ ሥራ አለው። የመጀመሪያው ወር ለመጠየቅ ብቻ ይሁን። ልጆቹ የሰሙትን በደብተር ይጻፉ፤ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝተው አብረው ያንብቡት። እሷ ዓመታት ከሕዝቡ ጋር የኖረች ናት፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘመቻው የተጠናቀቀ ዕለት ነው የምትሰማው። ሪፖርቱም «ይህን ያህል ሰው ተሳተፈ» በሚለው አያብቃ። ስንት ያልተመለሰ ጥያቄ ይዘው መጡ? ስንቱ መልስ አገኘ? መድኃኒት ያልደረሰው ስንት ሰው ተገኘ?

ሰርተፍኬቱም ለአንድ ቀን ቲሸርት ለለበሰ ሁሉ አይታደል። ዓመቱን ለተመላለሱት ይሰጥ። የሚመረቁት ከመሄዳቸው በፊት ተተኪዎቻቸውን ይዘው ሰፈሩን አንድ ዙር ይዙሩ፣ ከሰዎቹ ጋር ያስተዋውቋቸው፣ ደብተሩንም ያስረክቧቸው። ለባነርና ለቲሸርት ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ለልጆቹ ትራንስፖርት ቢዞር ይህን ከመጪው የትምህርት ዘመን መጀመር ይቻላል።