ማሽኑ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ነው

የዕድራችን ጸሐፊ የእጅ ጽሑፍ የሚነበበው በግምት ነው። በቅርቡ «ድንኳኑ ይጠገን» የተባለውን ውሳኔ ገንዘብ ያዡ «ድንኳኑ ይሸጥ» ብለው አንብበው ገዢ ማፈላለግ ጀምረው ነበር።

ስለዚህ ኮምፒውተር የተማረው የሰፈሩ ልጅ ተጠራ። ሰው ሲናገር እየሰማ የሚጽፍ ነገር ሥራ ተባለ። እሱም ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈው። ኮዱ አንድ ገጽ አይሞላም። «ስፒች ሪኮግኒሽን» የሚባል ላይብረሪ (ሌሎች አስቀድመው የጻፉት ዝግጁ ኮድ ነው) ከማይክ ድምፅ ይቀበላል፣ በኢንተርኔት ወደ ጉግል ይልካል፣ ጽሑፉን ይዞ ይመለሳል። ጉግል በድምፅ መጻፊያው አማርኛን ያስገባው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ስለሆነ ነገሩ አዲስ አይደለም። አዲሱ የእኛ ዕድር ነው።

መጀመሪያ ዴስክቶፑ አልሰማም አለ። ላፕቶፕ ማይኩን ይዞ ይወለዳል፣ ዴስክቶፕ ግን ጆሮ የሚገዛለት ፍጡር ነው። ማይክ ተገዛ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሊሰኩት ተነሡና አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ከተቱት። የማይኩ ሮዙ ነው። ተነቅሎ ተሰካ፣ አሁንም ጸጥ። ለካ ዊንዶውስ ሴቲንጉ ውስጥ ለፕሮግራሞች የማይክ ፈቃድ አልተሰጠም።

«ፈቃድ» የሚለውን ሲሰሙ ሊቀመንበሩ ፊታቸው በራ። «ማኅተም ያስፈልገዋል?» አሉ።

ከዚያ ሰማ። የጻፈው ግን እንግሊዝኛ ነው። ካልነገሩት በቀር ላይብረሪው የሚናገረውን ሁሉ አሜሪካዊ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ልጁ የቋንቋውን ኮድ ወደ አማርኛ ቀየረና «እሁድ እንገናኝ» ብሎ ሄደ።

እሁድ መጣ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ለአንድ ሰከንድ ያህል የክፍሉን ጫጫታ ያዳምጥና «ከዚህ በላይ የሆነው ንግግር ነው» ብሎ መስፈርት ያወጣል። ልጁ ያስነሣው አባላቱ ሰላምታ ሲለዋወጡ ነው። የዕድር ሰላምታ ደግሞ ይታወቃል፤ ልጆቹ፣ እናትየዋ፣ የታመመው ጎረቤት፣ ሁሉም በየስሙ ይጠየቃል። ማሽኑ ይህን ሁሉ ዝምታ ነው ብሎ መዘገበው። ከዚያ በኋላ በጨዋ ድምፅ የተናገረ ሁሉ አልተጻፈም። መጀመሪያ የተሰማው የብዙ ወር መዋጮ ያለበት ሰውዬ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ድምፁ አይታማም።

እንደገና ይለካ፣ ግን ጸጥታ ያስፈልጋል ተባለ። ሊቀመንበሩ ብልህ ናቸው። «ለሞቱብን አባላት የኅሊና ጸሎት!» አሉ። ተለካ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ላይብረሪው ሰው ተናግሮ መጨረሱን የሚያውቀው በዝምታ ነው። 0.8 ሰከንድ ጸጥ ካለ «ጨረሰ» ብሎ ይልካል። እስቲ የትኛው ዕድር ውስጥ ነው 0.8 ሰከንድ የሚገኘው? አንዱ ትንፋሽ ሲስብ ሌላው ይገባል። «ሥርዓት! ሥርዓት!» የሚሉት ሰዎች ራሳቸው ከሁሉ በላይ ይጮኻሉ። ማሽኑ ያዳምጣል፣ ያዳምጣል፣ አንድ ፊደል አይጽፍም። እውነቱን ለመናገር አዘንኩለት። እንዲህ ያለ ማሽን ቋንቋ የሚማረው ከተቀዳ ንግግር ነው፤ ለምሳሌ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የአማርኛ ንግግር ስብስብ ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ንባብ ነው። ሰዎቹ ተራ በተራ፣ ወረቀት ይዘው ያነበቡት። «እኔ የምለው ግን…» ብሎ የሚያቋርጥ የለበትም።

ልጁ «ከ10 ሰከንድ በላይ አትስማ» የሚል ገደብ አስገባ። ማሽኑም የሰማውን ላከ። በእንግሊዝኛ ቀይ ኤረር ተመለሰ።

«ምን አለ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የተባለው አልገባኝም ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ስንት ስብሰባ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ «አልገባኝም» የሚል ተሰብሳቢ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ጸሐፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ለእኔስ መቼ ገብቶኝ ያውቃል? ‹ከብዙ ውይይት በኋላ በአንድ ድምፅ ተወሰነ› ብዬ እጽፋለሁ እንጂ!»

ልጁ የተሻለ ማይክ ቢገዛ አለ። አንዲት እናት ተነሡ። «አባል ያልሆነ ነገር ስብሰባችንን እንዴት ይሰማል? መጀመሪያ መመዝገቢያውን ይክፈል!» ብዙዎች አጨበጨቡ። ውይይቱ ገና አላለቀም። ገንዘብ ያዡ ኪቦርዱና ማውሱ በቤተሰብነት ይመዘገባሉ ወይ የሚል ጥያቄ አንሥተዋል።