ይድረስ ለክቡር 9.8፣ ካታሎግ ላይ

ጉዳዩ፦ ድሬዳዋ መጥተው በአካል እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ክቡር 9.8 ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ተመስገን ነው፣ ከቤንዚን በስተቀር ሁሉም ሰላም ነው። እርስዎን መጀመሪያ ያየሁዎት የመኪናዬ ካታሎግ ላይ "የቤንዚን ፍጆታ" ተብለው ተጽፈው ነበር፣ ከሥርዎ አራት የሚስቁ ፈረንጆችና አንድ ውሻ ባሕር ዳርቻ ላይ መኪናዋን ተደግፈው፣ ላባቸው ጠብ ሳይል... አቦ ቆይ፣ ይሄ አንቱታ አልሄደልኝም። ድሬ ላይ ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው፣ ለአንድ ቁጥር ብዬ አፌን አላጣምም። አንተ ልበልህና እንቀጥል።

ስማ 9.8። አንተ የተለጠፍክባት መኪና ሰባት ሰው የምትጭን፣ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 (ስድስት ሲሊንደር) ሞተር፣ 280 የፈረስ ጉልበት፣ ባዶዋን 2 ቶን የምታልፍ የቤተሰብ መኪና ናት። ብራንዷን አልጠራም፣ እሷ ምን አደረገች፣ ጉልበት አላት፣ ምቾት አላት፣ አማቴ ኋላ ወንበር ላይ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚሄዱት (አማቴን አንቱ ነው የምለው፣ እሳቸው ከከንቲባ ይበልጣሉ)። ጠቤ ካንተ ጋር ነው። ደላላው አንተን በጣቱ እየነካካ "ይቺ እኮ ግዙፍ መስላህ ነው እንጂ አትጠጣም" ነው ያለው። አትጠጣም! ማደያ ያለው ቀጂ ይሄን ቢሰማ ቱቦውን ጥሎ ነው የሚስቀው፣ እሱማ አሁን ከሩቅ ሲያየን ሰላምታው ራሱ "መጣች እመቤቲቱ፣ ምን ትጠጣ?" ሆኗል።

የት እንደተወለድክ አጣርቻለሁ ደሞ። ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። መኪናዋ ቆማ፣ ጎማዋ ብቻ ሮለር ላይ እየዞረ። የድሮው የአውሮፓ ፈተና፣ ኤንኢዲሲ የሚሉት፣ 11 ኪሎ ሜትር በ20 ደቂቃ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኤሲው ጥርቅም። ከዛ በፈረንጅ 2017 ላይ አዲሱ ደብሊውኤልቲፒ መጣ፣ ደግ ነው፣ እሱ ወደ 23 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ይነዳል፣ ፍጥነቱም እስከ 131 ይደርሳል፣ ግን ክፍሉ 23 ዲግሪ ነው፣ ኤሲው አሁንም ዝግ ነው፣ ሮለሩም ዳገት የሚባል ነገር አያውቅም። 23 ዲግሪ! ድሬ 23 ዲግሪ የገባች ቀን ሰው ጋቢ ለብሶ ነው የሚወጣው። አይሲሲቲ የሚባል የምርምር ድርጅት የአውሮፓ መኪኖችን ሲከታተል ደግሞ በካታሎጉና በአስፋልቱ መሀል የነበረው ልዩነት በፈረንጅ 2001 8 በመቶ ገደማ ነበር፣ 2015 ላይ 40 በመቶ አካባቢ ገባ። ይሄ እንግዲህ እነሱ ሀገር ነው፣ ጥላ ባለበት፣ መንገዱ እንደ ምጣድ በለሰለሰበት። አሜሪካኖቹ እንኳ ትንሽ ያፍራሉ፣ ፈተናቸው ውስጥ በ35 ዲግሪ ኤሲ ከፍተው የሚነዱት ዙር አላቸው። 35 ዲግሪ ለኛ የሰኔ ረፋድ ናት፣ ቢሆንም አስታወሱን፣ ይመቻቸው።

እስቲ ከሰፈራችን ከሳቢያን ተነስተን ልጆቹን ከዚራ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት እናድርሳቸው፣ ጠጋ በል ጋቢና ተቀመጥ። መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነበረች፣ መሪው አይነካም፣ የቀበቶው ብረት ያቃጥላል፣ ትንሿ ልጄ "አባዬ ኤሲ!" ብላ ሳትጮህ ሞተር አይነሳም። ኤሲው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ መረጃ ራሱ ምን ይላል፣ በጣም ሲሞቅ፣ በተለይ አጭር መንገድ ላይ፣ ኤሲ ብቻውን በሊትር የምትሄደውን ርቀት ከ25 በመቶ በላይ ሊያወርደው ይችላል ይላል። ታዲያ የኛ ኑሮ ሌላ ምንድነው? አጭር መንገድና ሙቀት ነው! ሁለት መቶ ሜትር ስትሄድ ባጃጅ ፊትህ ያለ ፍሬቻ ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ መልስ ይቆጥራል፣ መልስ የለውም፣ ሱቅ ገብቶ ይዘረዝራል፣ አንተ ስድስት ሲሊንደር ከፍተህ ትጠብቀዋለህ። ይሄ ትልቅ ሞተር ደሞ ክፉ አመል አለው፣ ቀስ ብለህ ስትነዳው ቆጣቢ የሚሆን ይመስልሃል፣ ግን የአየር ማስገቢያ በሩ (ትሮትሉ) በግማሽ ተዘግቶበት አየር ለመሳብ ሲታገል ጉልበቱን እዛው ራሱ ላይ ይጨርሳል፣ እና ባጃጅ ኋላ በ15 የሚንፏቀቅ ቪ6 ማለት ሙሉ ደሞዝ እየበላ የሚያዛጋ ሠራተኛ ማለት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ስታይ 17፣ 18 ይላል። አንተ የት ነህ? ካታሎግ ላይ ከውሻው ጋር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ደንገጎ ዳገት።

ቅዳሜ ሐረር እንወጣለን፣ አየር ለመቀየር፣ አማቴን ለማድረስ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,880 አካባቢ፣ መሀላቸው 55 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማውን ለቀህ ጥምዝምዙ ሲጀምር ፊትህ ሲኖትራክ ይኖራል፣ ሁሌ ይኖራል፣ ጭሱን ለቆ በእርምጃ የሚወጣ፣ ከሱ ኋላ ደሞ የአወዳይ ጫት ድሬ አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ክላክሱን ተጭኖብህ ጆሮህ ላይ ይጮሃል። ክፍት ቦታ ታይና ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ካምቢዮው ሁለት ማርሽ ይጥላል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ አማቴ "በስመአብ" ይላሉ፣ ያኔ ያን የቅጽበቱን ቁጥር ማየት ነው፣ 22፣ 27፣ ከዛ መጨረሻው ላይ ይደርስና ቀጥ ብሎ ይቀራል። ዳሽቦርዱ መቁጠር አቆመ እኮ! እሱ እንኳ ሼም ያውቃል።

ሒሳቡን ልስራልህ፣ ፊዚክስ ነው፣ ስሜት አይደለም። ከነቤተሰቡ 2 ቶን ተኩል የሚጠጋ ነገር 680 ሜትር ሽቅብ ስታነሳ ወደ 16 ሚሊዮን ጁል ተኩል ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሚሊዮን ገደማ አለ፣ ግን ሞተሩ ከዛ ውስጥ ሩቡን፣ ቢበዛ ትንሽ ዘለል ያለውን ነው ጎማ ላይ የሚያደርሰው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ይሄዳል። ስለዚህ ንፋሱ፣ የጎማው ፍትጊያ፣ ኤሲው ሳይቆጠር፣ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ያልቃል። ለ55 ኪሎ ሜትር ስታካፍለው በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ገደማ ተጨመረብህ። ማለትም እውነት 9.8 ሆነህ ብትመጣ እንኳ ሐረር 12.8 ሆነህ ነው የምትገባው፣ ገና ኤሲውን ሳናነሳ፣ ገና ፖርቶመጋላ ላይ ያሰርነውን ፍራሽ ሳናነሳ።

ደሞ አየሩ። እዛ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ከነበረው ጉልበት አምስተኛ እጅ የሚጠጋውን ያጣል። ካታሎጉ 280 ፈረስ ብሎ ነበር አይደል፣ እኛ ሐረር ጀጎል ገብተን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ስንቆጥራቸው 230 ናቸው፣ ሃምሳዎቹ የት እንደቀሩ አላህ ይወቅ፣ ደንገጎ ላይ ሳር አይተው ይሆናል። እዛው ፈረስ መጋላ ቆመው ተሳፋሪ የሚጠብቁትን የድሮ ፔጆ 404ዎች ታያቸዋለህ፣ ዳሽቦርዳቸው ላይ አማካይ ምናምን የሚል የለም፣ የአንዳንዱ የነዳጅ ጌጅ ራሱ ከሞተ ቆይቷል፣ ሹፌሩን ግን "ስንት ትጠጣለች?" በለው፣ እስከ ሸዋ በር የስንት ብር እንደሆነ አፍታም ሳያስብ ይነግርሃል። ላቦራቶሪ ያልገባ ሰው!

መመለሻውን ደግሞ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ቁልቁል ሲሆን እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ፣ ማርሽ ውስጥ እስካለህ ድረስ ኮምፒውተሩ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ይዘጋቸዋል፣ 0.0 ይላል፣ እውነትም ቤንዚን አይገባም፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ፍሬንህም አይግልም። (ኒውትራል አድርገው የሚወርዱት ይቆጥቡ መስሏቸው ሞተሩን ስራ ፈት እያስጠጡት ነው፣ ፍሬናቸውም ይጋግላል፣ እናንተ ልጆች ተዉ።) እና የሚስቴ ወንድም የሚባል ሰው አለ፣ እሱም የዛኑ ዓይነት ቪ6 አለው። ይሄ ልጅ ደንገጎ አናት ላይ ሲደርስ የጉዞ ቆጣሪውን፣ ትሪፑን፣ ዜሮ ያደርጋል። አናቱ ላይ! ከዛ እግሩን ሰብስቦ ቁልቁል ይንሸራተትና ድሬ መግቢያ ላይ 2.1 ይላል ዳሽቦርዱ፣ ፎቶ አንስቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቀዋል፣ "መኪና ሳይሆን የሚያስጠጣው ነጂው ነው 😎" ብሎ። አክስቶቼ የልብ ምልክት ያደርጉለታል። ሚስቴ ታየኛለች። ሽቅብ ሲወጣ ያለውን ግን አንድ ቀን ፎቶ ያነሳ የለም፣ ወላ አንድ ቀን።

"ታዲያ ራስህ ለካ" ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ አለካኩ ቀላል ነው፣ የነዳጅ ታንኩን ሙሉ ቱቦው ቀጭ እስኪል ትሞላለህ፣ ትሪፑን ዜሮ ታደርጋለህ፣ ትነዳለህ፣ እንደገና ትሞላና የገባውን ሊትር ለኪሎ ሜትሩ ታካፍላለህ። ፈረንጅ ሀገር። እዚህ መጀመሪያ ቤንዚን መኖር አለበት፣ ከዛ ሰልፉ አለ፣ ከዛ ሰልፉ ውስጥ ኤሲ ሳትከፍት ሕፃን ይዘህ አትቀመጥም፣ ቆሞ የሚሰራ ሞተር ደሞ እንደ ትልቅነቱ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጠጣል፣ ማለት ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን እያቃጠልክ ነው፣ ኪሎ ሜትሩ ደሞ ዜሮ፣ ዜሮ ላይ ማካፈል ደሞ በሒሳብ ክልክል ነው። ተራህ ሲደርስ ቀጂው "ለሁሉም እንዲዳረስ" ብሎ ግማሽ ላይ ያቆምልሃል። ካልሆነ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ነው፣ ያ ሃይላንድ ውስጥ ያለው ምን ያህሉ ቤንዚን እንደሆነ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለህ ነው የምትቀዳው። ቢሆንም ሞልቼም ለክቼም አይቻለሁ፣ ድሬና ሐረር ሲቀላቀል በ14ና በ15 መሀል ነው። በእኛ 2017 ሊትሩ 100 ብርን አልፎ ሄደ፣ እና አንተ ላይ የጎደለው 5 ሊትር በየ100 ኪሎ ሜትሩ ከ500 ብር በላይ ነው፣ ይሄን ብር ከማን ልጠይቅ? ከውሻው?

መካኒክ ጋ ውሰዳት እንዳትለኝ፣ ወስጃታለሁ። ካንዴላ ተቀየረ፣ ኢንጀክተር ታጠበ፣ ፊልትሮ አዲስ ነው፣ ጎማው በልኩ ተነፍቷል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ጤነኛ ናት ወንድሜ፣ ባህሪዋ ነው" አለ፣ ለምርመራውም አስከፈለኝ። ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ ብዬም አስቤአለሁ፣ መንግሥት በእኛ 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጎረቤቴ አንዷን ይዞ ደንገጎን ሲወርድ ባትሪው እየሞላ ነው የሚመጣው፣ በሩ ላይ ቆሞም "ዛሬ ስንት ቀዳህ?" ይለኛል፣ በአዘኔታ ነው የሚለው፣ እሱ ነው የባሰው። ግን የሱ ሰባት ሰው አትጭንም፣ አማቴም እግራቸውን አይዘረጉባትም።

እና ክቡር 9.8፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። በሰኔ ና። ቀትር ላይ። ሰባታችንን፣ ፍራሹን፣ ከአለማያ የምንገዛውን የድንች ጆንያ ጨምረህ፣ ከሲኖትራኩ ኋላ ሆነህ ደንገጎን አንድ ጊዜ ውጣና እዛ አናት ላይ ስምህን ደግመህ ንገረኝ። ካልመጣህ ካታሎጉ ላይ በእስክሪብቶ 14.6 ብዬ አርሜሃለሁ፣ ለውሻውም ላብ ስዬለታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቪ6 አባወራ፣ ሳቢያን

ግልባጭ፦
ለሚስቴ ወንድም፣ ትሪፑን ድሬ ላይ ዜሮ እንድታደርግ።
ለቢጫው የነዳጅ መብራት፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንተ ብቻ ዋሽተኸኝ አታውቅም፣ ግን ለምን ሁሌ "ቤንዚን የለም" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ማደያ ፊት ለፊት ነው የምትበራው?