«ድምፁ ባይሰማም»፦ የቅዳሜው የራፕ ምሽት ክርክር

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ ራፐር ድሬዳዋ ላይ ኮንሰርት አቅርቦ ነበር። «‹ላይቭ› ብሎ ትኬት ሸጦ በሲዲ መዝፈን ማታለል ነው» በሚለው ሐሳብ ላይ ሁለት የድሬ ሰዎች ተከራክረዋል። ሐሳቡን የሚደግፈው የሳቢያን ነዋሪ ነው፤ ለሠርግና ለልዩ ልዩ ዝግጅት የድምፅ መሣሪያ ያከራያል። የምትቃወመው የገንደ ቆሬ ልጅ ናት፤ ፊዚክስ ትማራለች።

ከሳቢያን

600 ብር ከፍዬ ገባሁ። ትኬቱ ላይ «ላይቭ» ይላል። 1 ሰዓት የተባለው 4 ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ይሁን፣ የድሬ ሙቀትም ከዚያ በፊት አያስጨፍርም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሰውየው ማይኩን ዝቅ አድርጎ ውኃ ጠጣ። ድምፁ ግን አልጠማውም፣ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ አፉን አየው ጀመር። ከንፈሩ ሌላ ይላል፣ ስፒከሩ ሌላ። አራተኛው ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ባንድ ለምን አላመጣም አላልኩም። ራፕ በቢት ነው የሚሠራው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ቢቱ ብቻ ያለበት ትራክ አለ፤ የዘፋኙም ድምፅ ተቀርጾ የገባበት ትራክ አለ። እሱ ይዞ የመጣው ሁለተኛውን ነው። ይህች ከተማ ዓሊ ቢራን ያወጣች ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የአፍራን ቀሎ ባንድ ልጆች ሠርግ ቤት እየዞሩ በገዛ ጉሮሯቸው ያዘፈኗት ከተማ ናት። እዚህ መጥቶ አፍ መክፈትና መዝጋት ንቀት ነው።

ከገንደ ቆሬ

አቦ ተው! (አንተ እያልኩህ ነው፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደማንወድ ታውቃለህ።) ሂፕሆፕ የተወለደው እንዴት እንደሆነ ላስታውስህ። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 11 ቀን 1973። ኩል ኸርክ የሚባል ከጃማይካ የሄደ ወጣት እህቱ ባዘጋጀችው ጭፈራ ላይ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ ይዞ ቆመ። ከዘፈኑ ውስጥ ከበሮው ብቻ የሚቀርበትን ቦታ እየመለሰ አስረዘመው። ማይክ የያዘው ሰው በዚያ ላይ ነው የጮኸው። ባንድ የት ነበር? ከጅምሩ በሸክላ ነው፣ ጋሼ!

ደግሞ የት ነበር የቆምከው? አይቼሃለሁ፣ ከኋላ፣ በሩ ጋ። ከመድረኩ 70 ሜትር ይሆናል። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከንፈሩን ካየህ በኋላ ድምፁ ጆሮህ የሚደርሰው አንድ አምስተኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ በዚያ ውስጥ ራፐር ቢያንስ አንድ ፊደል አልፎ ሄዷል። «ከንፈሩ ሌላ ስፒከሩ ሌላ» ያልከው ማታለል አይደለም፣ ርቀት ነው።

እኔ ከፊት ነበርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ድምፁ ባይሰማም ችግር የለብኝም። እኔና ጓደኞቼ ግጥሙን በቃላችን እናውቀዋለን። ያን ማታ የዘፈንነው እኛ ነን፤ ኮንሰርት ማለት ለእኔ እሱ ነው።

ከሳቢያን

«ድምፁ ባይሰማም ችግር የለብኝም።» ደግሜ አነበብኩት፤ በትክክል እንዲህ ይላል።

ታዲያ 600 ብሩ የምንድን ነው? ግጥሙን የምታውቂው አንቺ፣ የዘፈንሽው አንቺ፤ እሱ ነበር ለአንቺ መክፈል የነበረበት። ሻይ ቤት ገብቼ ሻዩ ባይመጣም ግድ የለም፣ ጣዕሙን አውቀዋለሁ ብዬ ሒሳብ ከፍዬ ልውጣ? እንዲህ የሚል አድማጭ ካለ ዘፋኝ ለምን ይደክማል! ሲዲውን ብቻ በአውሮፕላን ይላኩልን፣ ሲዲ ላብ አያልበውም።

የብሮንክሱን ነገር ራስሽ ነሽ የመለስሽው። ሸክላው ሙዚቃ ነበር፤ ሰውየው ግን በአፉ ጮኸ። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

በአፉ ባለባቸው ጥቂት ቦታዎችም የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ አፍኖ ነው የያዘው። ማይኩ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ለጌጥ አይደለም። ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እንዲቀንስ ነው። በመዳፍህ ስትደፍነው ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፤ ያ ፉጨትና ያ ከድስት ውስጥ የሚናገር የሚመስል ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ወጣቶቹ ግን ፎቶ ላይ ያምራል ይላሉ።

ደግሞ «ሰላም ሐረር!» አለ። ሦስተኛው ዘፈን ሊጀመር ሲል። የመጣው በአውሮፕላን ነው፤ ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ላብ በላብ ሆኖ እንኳ ወደ ሐረር ከሚያወጣው ከደንገጎ ዳገት በላይ አለመሆኑ አልገባውም።

ከገንደ ቆሬ

የ70 ሜትሩን ዘለልከው። ይመዝገብልኝ።

ውኃ ሲጠጣ የቀጠለው ሲዲ አይደለም፣ አጃቢው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ራፕ በቁርጥራጭ ይቀረጻል፤ አንድ መስመር ትላለህ፣ ትንፋሽህን ትሰበስባለህ፣ ቀጣዩን ትላለህ። መድረክ ላይ ያ የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው አጠገብህ ቆሞ የስንኙን መጨረሻ ይቀበልሃል። ያን ማታ የተቀበለው የደቻቱ ልጅ ነው። የሰፈራችንን ድምፅ ሲዲ ነው ብለህ ሰደብከው!

ያው ልጅ እኮ ከዋናው በፊት ለብቻው ወጥቶ 15 ደቂቃ ያህል ሠርቷል። ኦሮምኛ ጀምሮ፣ ሶማልኛ ገብቶ፣ አማርኛ ላይ ቤት ይመታል፤ አንዱም ስንኝ ቀድሞ አልተጻፈም። አንተ ግን «4 ሰዓት ላይ ጀመረ» ብለህ ጻፍክ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የጀመረው፣ በእሱ። የድሬን ክብር የምታወራው አንተ የድሬን ልጅ ሳትቆጥረው ቀረህ።

ለዚያ መድረክ ድምፅ ዋጋ አስገብተህ እንዳላለፍክ ደግሞ ሳቢያን ብቻ ሳይሆን ገንደ ቆሬም ሰምቷል፣ ጋሼ።

ከሳቢያን

አንተ ማለትሽ አይከፋኝም፣ እዚሁ ተወልጃለሁ። ጋሼ ስትይኝ ግን ምን ለማለት እንደሆነ ይገባኛል።

አዎ፣ ዋጋ አስገብቻለሁ። አላለፍኩም። ያለፈው ሰውዬ መሣሪያው ከእኔ ይሻላል፤ ይህን ለማለት አላፍርም። 22 ዓመት ከገመድ ጋር የኖረ ሰው ግን ሲዲና ሰው አይለይም ብሎ መጻፍ... ይቅር።

ልጁን አይቼዋለሁ። «ጀመረ» ስል ረሳሁት፤ ጥፋቴ ነው። አሁን ግን እኔም ልጠይቅሽ። ለብቻው በወጣበት ሰዓት ማይኩ ምን ያህል ይሰማ ነበር? እኔ ከቆምኩበት ቢቱ ብቻ ነው የደረሰኝ። እጁን ወደ ላይ እያደረገ ሚክሰሩ ላይ ላለው ሰው «ጨምርልኝ» ይለዋል፤ ሰውየው ስልኩን ያያል። የከፋቹን ድምፅ ዝቅ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ዋናው ሲወጣ ትልቅ እንዲመስል። እኔም ታዝዤ አድርጌዋለሁ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። ያን ያህል ዝቅ የተደረገ ማይክ ዋናው ውኃ ሲጠጣ በምን ተአምር እንደዚያ ጮኸ?

«ድምፁ ባይሰማም ችግር የለብኝም» ብለሻል። እንግዲያው ለልጁም ችግር የለብሽም ማለት ነው።

ከገንደ ቆሬ

ያቺን አንድ መስመር ጥርስ ውስጥ እንደገባ የጫት እንጨት ያዝካት።

ስለ ማይኩ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ከፊት ሆኜም ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ሶማልኛው ላይ ከጎኔ የነበሩት ልጆች ሲስቁ እኔ ምን እንዳለ እነሱን ጠየቅኩ። የባሰ ልንገርህ? የተከፈለው እራት ነው። የትራንስፖርት ሲጠይቅ «ቤትህ እዚሁ አይደል?» አሉት። ማታለል የምትለው ቃል ካለህ እዚያ ላይ አውለው፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈችውን ቃል ተዋት።

«ሰላም ሐረር» ያልከውን ግን አላምንህም። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ትናንት ሦስት ጊዜ አየሁት። የሚሰማው የእኔ ጩኸት ብቻ ነው፤ እሱ ምን እንዳለ አይሰማም።

ከሳቢያን

አይሰማም። እሺ።

የልጁ ስልክ ካለሽ ላኪልኝ። እሑድ መጋላ ላይ ሠርግ ይዣለሁ፣ መድረክ የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ። ይከፈለዋል፤ እራቱ ለብቻው ነው።

ከገንደ ቆሬ

እልክልሃለሁ። በሲዲ ነው በአፉ?